ማኅተሙ የት ይደር?

እኛ ሐበሾች ከመተማ ወደ ሱዳኗ ጋላባት ስንሻገር መታወቂያ እንረሳ ይሆናል እንጂ ማኅተም አንረሳም። ገዳሪፍ ላይ ቀኑን ሰሊጥ ሲያጭድ የዋለ ሰው ማታ ዕድር ያቋቁማል፤ በሰው አገር ሬሳ ማንሳት ቀልድ አይደለማ። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ጠቡ ደመወዝ ስለሌለው ወንበር ነው፦ ሊቀመንበሩ ማኅተሙን ኪሱ ከትቶ ያድራል፣ ጸሐፊው ቃለ ጉባኤውን ይደብቃል፣ ገንዘብ ያዡ «ሁለቱ ካልታረቁ ሣጥኑን አልከፍትም» ይላል። አስታራቂ ኮሚቴ ይመረጣል፤ እሱም ሊቀመንበር ያሻዋል፤ ሌላ ማኅተም ይቀረጻል።

ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ በመተማ በኩል የተመለሳችሁ ብዙ ሺህ ወገኖች ሆይ፦ ማኅተሙ በጓዛችሁ ከመጣ እባካችሁ ላኩት፤ ያለ እሱ ደረሰኝ አይቆረጥም።