«ቡድን እየገነባን ነው»

ከደብረ ብርሃን ሜዳ ተነሥተህ ትልቁን ሊግ የምታማትር ወንድሜ፣ እንኳን ደስ አለህ! «ቡድን እየገነባን ነው» የሚል ክለብ አስፈረመህ አሉ። ታድለህ! በዚህ አገር ከዚህ የበለጠ የሚያስተማምን ሥራ የለም፤ ግንባታው አያልቅማ።

አሠራሩን ላስረዳህ። ሰኔ ላይ ሃያ ተጫዋች ይሸኛል፤ ክረምት ላይ ሌላ ሃያ ይፈርማል። አዲሱ አሰልጣኝ ማልያ ይዞ ከከተማው ባለሥልጣናት ጋር ፎቶ ይነሣና «ጊዜ ስጡን» ይላል። ይሰጠዋል፤ እስከ አምስተኛው ጨዋታ። ከዚያ «በስምምነት ተለያይተናል» ይባልና ምክትሉ ይተካል፤ እሱም ከሥር ጀምሮ ይገነባል። አንተ የአንድ ዓመት ውልህን ይዘህ ተጫወት። ከግራ ተመላላሹ ጋር ተግባብታችሁ፣ ኳሷን የት እንደሚጥልልህ ዞረህ ሳታይ ማወቅ ስትጀምር ዓመቱ ያልቃል። እሱ ወደ አንዱ ከተማ፣ አንተ ወደ ሌላው።

ጋዜጠኛ ስሜትህን ሲጠይቅህ መልሱን ከወዲሁ አጥና፦ «ቡድናችን አዲስ ነው፤ በፈጣሪ ፈቃድ የተሻለ ነገር ይመጣል።» የሦስት ወር ደመወዝ እንዳልተከፈለህ፣ የቤት አከራይህን ሽሽት በጓሮ በር እንደምትገባ ትንፍሽ እንዳትል። ልምምድ ካቆማችሁማ «የማልያ ፍቅር የሌላቸው» ትባላላችሁ። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ክለቦች ተሰብስበው የተጫዋች የወር ደመወዝ ጣሪያ 50 ሺህ ብር እንዲሆን ተስማምተው ነበር። ለጣሪያው እንዲህ መጨነቃቸው ደግ ነው፤ መሠረቱን፣ ማለትም ያንኑ ደመወዝ በወሩ መክፈልን፣ ለሚቀጥለው ግንባታ አቆይተውልሃል።

አሜሪካኖች ይህን ጥበብ አልታደሉም። ሂውስተን አስትሮስ የሚባለው የቤዝቦል ቡድን እ.ኤ.አ. በ2013 በአንድ የውድድር ዘመን 111 ጨዋታ ተሸነፈ። አንጋፋዎቹን አሰናብቶ እንደ ሆሴ አልቱቬ ያሉትን ወጣቶች ግን አቆየ። አልቱቬ ያን ሁሉ ሽንፈት ከቡድኑ ጋር ተጎንጭቶ በ2017 ዋንጫ አነሣ። ዋንጫው ኋላ በማጭበርበር ቢጎድፍም፣ ልጁ የሚሸነፈው ለምን እንደሆነ ያውቅ ነበር። ምን ዓይነት ኋላ ቀርነት ነው! እኛ ጋ በአራት ዓመት አራት ቡድን ይገነባ ነበር።

ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብም ሳይሳሳቱ አልቀሩም። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድንኳን እየነቀሉ መዞሩን ትተው ደብረ ብርሃን ላይ 12 ዓመት ያህል ረጉ። የዛሬ የክለብ አመራር ቢያማክራቸው ኖሮ በየሰኔው ድንኳኑን ያስነቅላቸው ነበር።

ከአንኮበር መንገድ የሚመጣው ልጅስ? 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ፣ በውርጭ ጠዋት፣ የጨርቅ ኳስ እያባረረ ያደገው? እሱ ደላላ የለውም፤ ስለዚህ ኳስ አቀባይ ይሁን። የሚፈርመውማ ሦስት ክለብ ያሰናበተው «ልምድ ያለው» ነው።

ለከተማ አስተዳደሮች የምለው አጭር ነው። ቡድን የሚገነባው ለሦስት ዓመት አስፈርሞ፣ ደመወዝ በወሩ ከፍሎ፣ አሰልጣኙን ከአምስት ጨዋታ በላይ ታግሦ፣ የሠፈሩን ልጅ አሳድጎ ነው። ይህን የማይችል አስተዳደር ቡድኑን ያፍርስ፤ የተጫዋቾቹን ውዝፍ ይክፈል፤ በተረፈው ገንዘብ ለልጆቹ ሜዳ ያስጠርግላቸው።