ምክንያቱን የማውቀው ዳቦ

ዳቦዬ ለምን እንደተበላሸ ከእኔ አሳምሮ የሚያስረዳ ሰው አይገኝም። ከነፉርሽካው የተፈጨ ስንዴ ለምን ብዙ ውኃ እንደሚጠጣ፣ አጃ ሊጡን ለምን እንደሚያከብደው ስትጠይቁኝ አፌን ሞልቼ እመልሳለሁ። ሳትጠይቁኝም እመልሳለሁ። ባለቤቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር የዳቦ ወሬ እንዳይነሳ የምትጠነቀቀው ወዳ አይደለም።

ሐሳቤ ቀላል ነበር፤ ልጆቹ ለምሳ የሚይዙት፣ በስሱ ሲቆረጥ የማይፈረፈር የሳንዱች ዳቦ። ፉርኖ ዱቄት የለበትም፣ የሱቅ እርሾ የለበትም፤ ያልተነፋ ስንዴ፣ አጃና ቤት ያደገ እርሾ ብቻ። እናቴ ድፎ ስትደፋ እያየሁ ያደግሁ ሰው ምን ያቅተኛል አልኩ። የእኔ ድርሻ ኮባ ማቀበል ብቻ እንደነበር ትዝ ያለኝ ዘግይቶ ነው።

እርሾው ዱቄትና ውኃ ነው፤ በየጊዜው አዲስ ዱቄት ከተጨመረለት ይኖራል። እኔ ፍሪጅ ውስጥ ረሳሁት። ሳገኘው ላዩ ጠቆር ያለ ውኃ አቁሯል። ቤተሰቡን ሰብስቤ፣ ይህ አልኮል ያለበት ፈሳሽ መሆኑን፣ እርሾ ሲርበው እንደሚያወጣው አስረዳሁ። አስረድቼ ስጨርስ ክዳኑን ገጥሜ መለስኩት። ዱቄት የጨመረችለት ባለቤቴ ናት።

አጃው በፈላ ውኃ ተዘፍዝፎ፣ ቀዝቅዞ ነው ሊጥ ውስጥ የሚገባው። ይህንንም አውቃለሁ። ግን ማን ይጠብቃል? ደረቁን ጨመርኩት፤ የሊጡን ውኃ መጠጠው። ውኃ ስጨምር ደግሞ እጄ ላይ ቀጠነ። ሊጡን የሚያያይዘው ግሉተን ከአጃ አይገኝም፤ ስንዴው የሚያመጣውንም ፉርሽካው ይበጣጥሰዋል። ይህን ሁሉ እስከ ክርኔ ሊጥ ተለውሼ ተናገርኩ።

ትልቁ ኃጢአቴ ግን ቴርሞሜትሩ ነው። ከውጭ የመጣው መጽሐፍ የዳቦው መሐል 96 ዲግሪ ሲደርስ አውጡ ይላል። ቴርሞሜትሩን ሰክቼ ምድጃው ፊት ቆምኩ። 90 አለ፣ 91 አለ፣ እዚያው ቆመ። ቅርፊቱ ቡኒ ሆነ፣ ጠቆረ።

«ኧረ እያረረ ነው!» አለች ባለቤቴ።

«ቁጥሩ አልሞላም» አልኳት።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ ውኃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ግድም ነው። እርጥበት ያለው ዳቦ መሐሉ ከዚያ እምብዛም አያልፍም፤ እስኪደርቅ ቢጠበቅ እንጂ። እኔም እስኪደርቅ ጠበቅሁ። ሽምብራ በዚህ ከተማ ለምን ቶሎ እንደማይበስል ለጎረቤት ሁሉ በዚሁ 92 ዲግሪ የማስረዳው ደግሞ እኔው ነኝ!

ከዚያ በኋላ እናቴ መጣች። ቀመሰችና «ከምኑ ነው?» አለች።

«ከአጃና ካልተነፋ ስንዴ ነው እማዬ። ለጤና ብዬ ነው።»

«ማን ታሞ?»

ፎርማ ውስጥ ኩፍ እንዲል ያስቀመጥኩትን ሌላውን ሊጥ በጣቷ ጫን አድርጋ፣ ስርጉዱ ቀስ ብሎ ሲመለስ አየችና «ደርሷል፣ ክተተው» አለችኝ። እኔ ግን ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሊጥ ቶሎ ኩፍ እንደሚል፣ ጣት ሲጫነው ውስጡ ያለው ጋዝ ምን እንደሚሆን ልነግራት ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። በትዕግሥት ሰማችኝ።

«ተባረክ ልጄ፤» አለች ስጨርስ፤ «አንተ ስታስረዳኝ ሊጡ አለፈበት።»

እውነቷን ነው፤ መሐሉ ሰርጉዶ ተኝቷል።

እናንተ ከሞከራችሁት አጃውን ዘፍዝፉ። አዲስ አበባ ከሆናችሁ መሐሉ 90 ግድም ሲደርስ አውጡ፤ ሳይቀዘቅዝም አትቁረጡት፣ መሐሉ ቢላ ላይ ይጣበቃል። የእኔ ልጆች ለጊዜው የሱቅ ዳቦ ነው የሚይዙት።