ፊደል ከመቁጠር ወደ መጽሐፍ መቁጠር

በአማርኛ «መቁጠር» የሚለው ግስ ከትምህርት ጋር ያለው ዝምድና የቆየ ነው። ሆሄያትን ለይቶ ማንበብ የጀመረ ልጅ «ፊደል ቆጠረ» ይባላል፤ በቅኔ ቤት ደግሞ ተማሪው ከጓደኞቹ ተነጥሎ፣ ደበሎውን ተከናንቦ፣ ከዛፍ ሥር ወይም ከካብ ጥግ ተቀምጦ በልቡ አዲስ ቅኔ ሲያዘጋጅ «ቅኔ ይቆጥራል» ይባላል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ለዚሁ ግስ ሦስተኛ ሙያ ተገኝቶለታል፤ እሱም መጽሐፍ መቁጠር ነው። ፊደል የሚቆጥረው ፊደሉን ማወቅ፣ ቅኔ የሚቆጥረውም ቅኔውን ማማጥ አለበት፤ መጽሐፍ የሚቆጥረው ግን ሁለቱም ግዴታዎች ስለሌሉበት ሥራው ከቀደምቶቹ ይልቅ እጅግ የቀለለና የሠለጠነ ሆኖ ተገኝቷል። ሥልጣኔው የሚገባውን ምስጋና እስካሁን አለማግኘቱ ያሳዝናል፤ የሚከተሉት ገጾች ይህን ጉድለት ለመሙላት የተጻፉ ናቸው።

«የንባብ ግብ» የሚባለው፣ አንድ ሰው በዓመት ውስጥ የሚያነባቸውን መጻሕፍት ብዛት አስቀድሞ ወስኖ ለወዳጅ ዘመድ የሚያውጅበት፣ ከዚያም አንድ መጽሐፍ በጨረሰ ቁጥር (ወይም ጨረስሁ ባለ ቁጥር፤ ልዩነቱን የሚመረምር የለም) የደረሰበትን የሚያስታውቅበት ልማድ ነው። ልማዱ ደህና መሣሪያ ያገኘው በአሜሪካ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ የተከፈተው ጉድሪድስ የተባለው የአንባብያን መዝገብ ከ2011 ጀምሮ ዓመታዊ የንባብ ውድድር አቆመ፤ በ2013 ደግሞ መጽሐፍ ሻጩ አማዞን መዝገቡን ከነአንባቢዎቹ ገዛው። ጤፍ ነጋዴ የደንበኞቹ ጎተራ መቼ እንደሚጎድል የተጻፈበት ደብተር ለሽያጭ ቢቀርብለት ለመግዛት ስለማያመነታ፣ በዚህ ግዢ የሚደነቅ የገበያ ሰው አይኖርም።

ወደ ኢትዮጵያ ሲሻገር ልማዱ በሁለት የዘመን አቆጣጠር ተባረከ። ግቡ መስከረም 1 ቀን ከአደይ አበባው ጋር ይታወጃል፤ እስከ ታኅሣሥ ካልሠመረ በፈረንጆቹ አዲስ ዓመት እንደገና ይታወጃል፤ በዚህ መንገድ አንድ ሰው በአንድ ዓመት ሁለት ጊዜ ይጀምራል፣ አንድ ጊዜም እንዲጨርስ የሚያስገድደው የለም። እስከ መጨረሻው ለሚታገሉት ደግሞ ጳጉሜን አለችላቸው። አምስት፣ በየአራት ዓመቱም ስድስት ቀን ያላት ይህች ወር ቀድሞ የጠበልና የጸሎት ወር ብቻ ነበረች፤ አሁን የጎደለው ቁጥር የሚሞላባት የመከር ወቅትም ሆናለች፤ በእነዚያ ቀናት ቀጭን የግጥም መድበል እንደ በዓል ዶሮ ይፈለጋል።

ቀጭን መጽሐፍ መወደዱ ያለ ምክንያት አይደለም። የቆጠራው ሕግ ፍጹም እኩልነትን ስለሚያከብር ለወፍራሙም ለቀጭኑም የሚሰጠው አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ከ500 ገጽ በላይ አንብቦ ለሚወጣ ሰው የሚያስገኝለት ያው አንድ ቁጥር ነው፤ 80 ገጽ ያላት መድበልም ያንኑ ትሰጣለች፤ ስለዚህ ደራሲው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ታሪኩን በስድስት መጽሐፍ ከፋፍለው አለማሳተማቸው ለትውልዱ ያለማሰብ ተደርጎ ሊቆጠርባቸው ይችላል። ደግነቱ መውጫው ብዙ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ የተረኩት ቅጂ በስልክ ላይ በእጥፍ ፍጥነት ሊሄድ ይችላል፤ ያኔ ያ ረጋ ያለ የተዋናይ ድምፅ የጨረታ አጫራች ድምፅ ይሆናል፣ ቁጥሩ ግን አይቀነስም። ይህም የረዘመበት ሰው ቴዲ አፍሮ በ2009 ዓ.ም. «ኢትዮጵያ» በተሰኘው አልበሙ ከዚሁ ልብ ወለድ ተነሥቶ ያቀነቀነውን «ማር እስከ ጧፍ» ሰምቶ ስለ ሰብለ ወንጌልና ስለ በዛብህ በቂ ሐዘን ማዘን ይችላል።

ንባቡ በዚህ መልክ ከቀለለ በኋላ ዋናው ድካም የሚቀረው ማስታወቁ ላይ ነው። መጽሐፉ ከማኪያቶው ብርጭቆ በስተግራ፣ ሽፋኑ ወደ መስኮቱ ዞሮ ይቀመጣል። ዕልባቱ ከመካከል ጥቂት አለፍ ብሎ ይሰካል፤ መጀመሪያው ላይ ቢሆን ስንፍናን፣ መጨረሻው ላይ ቢሆን ማጋነንን ያሳብቃልና። የአሳላፊዋ እጅ ወይም የሒሳብ ወረቀት እንዳይገባበት ይጠበቃል፤ አንዱ ፎቶ ጥላ ይበዛበታል፣ ሌላው ላይ የደራሲው ስም ይቆረጣል፤ በአሥረኛው ግድም ሥራው ሲሠምር የማኪያቶው አረፋ ረግቶ ከብርጭቆው ጠርዝ ላይ ቡናማ ክር ሆኖ ቀርቷል። ማኪያቶው ቀዝቅዞም ቢሆን ይጠጣል። መጽሐፉ ወደ ቦርሳ ይመለሳል።

ከቁጥሩ ጎን ለጎን ሁለት ታናናሽ ልማዶች ይሄዳሉ። አንደኛው «የምወዳቸው» የሚል ርእስ ያለው ዝርዝር ሲሆን፣ በውስጡ አንድ የአርሰናል ተጫዋች፣ በቃና ቴሌቪዥን በአማርኛ ድምፅ የታየው የቱርኩ «ጥቁር ፍቅር»፣ አንድ የሽቶ ዓይነትና አንድ የሩስያ ልብ ወለድ ያለ ፀብ ጎን ለጎን ይሰለፋሉ፤ የሩስያው ሰልፉን ለማስከበር የገባ ስለሆነ ተነብቦ እንደሆነ መጠየቅ ነውር ነው። ሁለተኛው «የዕለት ሐሳብ» የሚባለው፣ ማለትም ሰውዬው በዚያ ቀን ጧት ከአእምሮው ያለፈውን ሁሉ ሳያሳልፍ ለሕዝብ የሚያደርስበት ነው። «ዛሬ ዝናብ ነው፤ ዝናብ ግን ዝናብ ብቻ አይደለም» የሚል ሐሳብ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ በምትገኘው ደብረ ታቦር በነሐሴ ሲሰማ ክብደቱ ይጨምራል፤ በዙሪያዋ ያለው የፋርጣ ገበሬ ዝናብ ዝናብ ብቻ አለመሆኑን፣ በረዶም እንደሆነ፣ ድንቹን ካጠፋበት ዓመት ጀምሮ ያውቀዋል።

በዚሁ በደቡብ ጎንደር ደጋ የዕለት ሐሳብን ለሰው ማካፈል አዲስ ነገር አለመሆኑን ማስታወስ የግድ ይላል፤ ንጽጽሩ የዘመኑን ልማድ ብልጫ አጉልቶ ያሳያልና። ቅኔ በግእዝ የሚደረስ፣ በአንድ ቃል ሁለት ትርጉም፣ ማለትም ሰምና ወርቅ የሚይዝ ግጥም ሲሆን፣ የቅኔ ተማሪ በየዕለቱ አዲስ ቅኔ የማቅረብ ዕዳ አለበት። ጀማሪው ሁለት ቤት ባላት ጉባኤ ቃና ይነሣል፤ ከዚያ ሦስት ቤት ወዳለው ዘአምላኪየ፣ አምስት ቤት ወዳለው ዋዜማ፣ ስድስት ቤት ወዳለው ሥላሴ እያለ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይወጣል። ቀኑን ሲቆጥር ውሎ ማታ የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ ሥርዓቱም «ነገራ» ይባላል። የሚያሳዝነው እዚህ ላይ ነው። መምህሩ አውራ ጣታቸውን አያነሡም፤ ልብ አይልኩም፤ «ምርጥ ሐሳብ፣ ቀጥልበት» አይሉም። ቤቱ ካልመታ፣ ሰሙ ወርቁን ካልተሸከመ ወይም ግሱ ከባለቤቱ ጋር ካልተስማማ በጉባኤው ፊት ያርሙታል፤ ቅኔው ከእርማቱ በኋላ የመምህሩ ነው ወይስ የተማሪው ብሎ መለየት እስኪያስቸግር ድረስ የሚያርሙበት ጊዜም አለ። ሁለት መስመር ለማሰብ ሙሉ ቀን የዋለ፣ እህሉን «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ከየደጁ የለመነ፣ ውሻ ያባረረው ወጣት በዚህ ዓይነት ይስተናገዳል። ትናንት ያመጣውን ዛሬ መልሶ ማምጣትም አይፈቀድለትም። የዕለት ሐሳብ አካፋዩ ግን ያንኑ ዝናብ ዓመቱን ሙሉ ሊያዘንበው ይችላል፤ የሚያርመው የለም፣ የሚያርመው ቢመጣም ይታገዳል።

ከቅኔ ቤት የተወሰደው ቃል «መቁጠር» ብቻ አይደለም። በዚያው ቤት ብስል ባለ ቅኔ ከጉባኤ መካከል ቆሞ ያላዘጋጀውን ቅኔ እየፈጠረ ሲያወርድ «ዘረፈ» ይባላል፤ ዘረፋው ከገዛ ራሱ ልብ ነው። በዘመኑ የንባብ ልማድ ደግሞ ገና ከማተሚያ ቤት የወጣ መጽሐፍ በስልክ ካሜራ ገጽ በገጽ ተነሥቶ፣ በቴሌግራም ለሺዎች በነጻ ይታደላል፤ እዚህ ሰሙም ወርቁም አንድ ነው፣ ዘረፋው ዘረፋ ነው። ደራሲው ስለ ወረቀት ዋጋ ሲያማርር ግቡን ያሳካው አንባቢ በአድናቆት ያጽናናዋል፤ «መጽሐፍህን አንብቤዋለሁ፣ የዓመቱ 37ኛዬ ነው» ይለዋል። ደራሲው አመስግኖ መሄድ እንጂ «ምን አልህ ስለ መጽሐፉ?» ብሎ መጠየቅ አይገባውም።

ሌላው የተሻሻለው ነገር ምስክር ነው። በጋይንት ምድር ያለችው ቤተልሔም የድጓ ምስክር መስጫ ናት፤ በቅዱስ ያሬድ ስም የሚታወቀውን ይህን የዓመት የዜማ መጽሐፍ ሌላ ቦታ ለዓመታት የተማረ ሰው ወደ እሷ ሄዶ ከመጀመሪያው አንሥቶ በመምህር ፊት ያስመሰክራል፣ ስሕተቱ ይለቀማል፣ ከዚያ በኋላ ነው ሌላውን እንዲያስተምር የሚመሰከርለት። አንድ መጽሐፍ ነው። ከዜማ ምልክቶቹ አንዲቷ ብትዛነፍ የሚሰማ ጆሮ ከፊቱ ተቀምጧል። በአዲሱ ሥርዓት ምስክሩ መጽሐፉን ያላየ፣ ሽፋኑን ብቻ በፎቶ የተመለከተ፣ እሱም በበኩሉ የራሱን 37ኛ እንዲመሰከርለት የሚጠብቅ ጓደኛ ነው፤ ለዚህም ነው በታሪካችን እንዲህ ያለ የተትረፈረፈ የሊቃውንት ብዛት ታይቶ የማያውቀው።

መጻሕፍትን በብዛት መመዘን ግን ፈጽሞ የዛሬ ሥራ ነው ማለት ታሪክን መበደል ይሆናል። ደብረ ታቦርን መቀመጫቸው አድርገው የነበሩት፣ በአቅራቢያዋ በምትገኘው ጋፋት መድፍ ያሠሩት ዐፄ ቴዎድሮስ ለመቅደላ መድኃኔ ዓለም ብዙ የብራና መጻሕፍት ሰብስበው ነበር፤ ከእነዚህም አያሌዎቹ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት በግድ የተወሰዱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ምርኮው በ15 ዝሆንና በ200 ገደማ በቅሎ ተጭኖ ወረደ፤ 350 ያህል ብራናም ለንደን ገባ። በዘመኑ የቆጠራ ሕግ ቢሄዱ ያን ዓመት ከዝሆኖቹ የሚበልጥ አንባቢ በአፍሪካ ቀንድ አልነበረም፤ ድርሻቸውን ያለ ዕልባትና ያለ ማኪያቶ ተሸክመው ጨርሰውታልና።

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በደራ ወረዳ የምትገኘው፣ ስሟ ራሱ የሐሙስን ገበያ የሚጠራው ሐሙሲት ከዚህ ሁሉ የተማረችው ጥቂት ነው። እዚያ ጤፍ የሚገዛ ሰው ዛሬም እጁን እስከ ክርኑ ወደ ጆንያው ሰድዶ ከታች እፍኝ ያወጣል፤ በመዳፉ ዘርግቶ እፍ ይልበታል፤ ገለባው ሲበር የቀረውን በጣቱ እያሸ አሸዋ ይፈልጋል፤ ፍሬውን በጥርሱ የሚሰብርም አለ። «ስንት ጆንያ ነው?» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። ቅደም ተከተሉን ለማቃናት የሞከረ ሰው እስካሁን አልተገኘም።

ከገበያተኞቹ መካከል ደግሞ ዳዊት ደጋሚ ሽማግሌ አይጠፋም። «መድገም» ሲባል ማንበብ ማለት ነው፤ አንዴ የተነበበ አልተነበበም ብለው ያመኑ ሰዎች ያወጡት ቃል ይመስላል። የዳዊት 150 መዝሙራት አሥር አሥር እየሆኑ «ንጉሥ» በሚባሉ 15 ክፍሎች የተመደቡ ሲሆን፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ተከፋፍለው ይደገማሉ፤ ለእሑድ የነቢያት ጸሎትና መኃልየ መኃልይ ይቀራል። እንዲህ የሚያደርስ ሰው መጽሐፉን በሳምንት አንድ ጊዜ ይጨርሳል፤ በዓመት 52 ጊዜ ማለት ነው፤ 52 ደግሞ ቆጣሪዎቹ በሳምንት አንድ ብለው ያወጁት፣ ብዙዎቹም በየካቲት ግድም የሚሰናበቱት ያ የታወቀው ግብ ነው። የቆጠራው ልማድ ግን በሕጉ ጽኑ ነው፤ ያው መጽሐፍ ስለሆነ 52ቱን አንድ ይላቸዋል፤ አንዱም ከአርባ ዓመት በፊት የተነበበ ስለሆነ ለሽማግሌው ለዘንድሮ የሚጽፍላቸው ዜሮ ነው። ሽማግሌው ሐሙስ በማለዳ ሦስቱን ንጉሥ፣ ከ81 እስከ 110፣ ደግመው ዳዊታቸውን ወደ ቆዳ ማኅደሩ ይመልሳሉ፤ ማኅደሩን ከግድግዳው ችካል ላይ ሰቅለው፣ በትራቸውን አንሥተው ወደ ገበያ ይወርዳሉ። ለዓርብ 111 ይጠብቃቸዋል።