ማታም ሰማያዊ የሆነው

ሰማያዊ ሰንፔር ለመግዛት ሱቅ የገባ ሰው ድንጋዩን ብቻ የሚያይ ይመስለዋል። የሚያየው ግን የሱቁን አምፖልም ነው። እኔና እጮኛዬ ይህን የተረዳነው በሐምሌ፣ ፒያሳ፣ መብራት በጠፋበት ከሰዓት ነው።

ቀለበቱ ፈርጥ ይኑረው ያለችው እሷ ናት። አክስቷ አልወደዱትም። ጅዳ ለብዙ ዓመት ሠርተው የተመለሱ ሴት ናቸው፤ ላባቸውን ሁሉ ወደ ወርቅ እየቀየሩ ነው ያቆዩት። «ልጄ፣ ወርቅ በክፉ ቀን ተሸጦ ያወጣሻል፤ ድንጋዩን ማን ይገዛሻል?» አሏት። እውነታቸውን ነው። ወርቅ በግራም ይመዘናል፣ የዕለቱ ዋጋ ይታወቃል። የከበረ ድንጋይ ግን አንዱ ከአንዱ አይገናኝም፤ ክብደታቸው እኩል የሆነ ሁለት ሰንፔሮች በዋጋ ሰማይና ምድር ሊሆኑ ይችላሉ፣ ልዩነቱን የሚያመጣው ደግሞ በአብዛኛው ቀለማቸው ነው። እሷ ግን «እትዬ፣ እኔ የምፈልገው በክፉ ቀንም ከጣቴ የማላወልቀውን ነው» አለቻቸው። ክርክሩ በዚያ አበቃ፤ ቢያንስ ለዚያን ቀን።

ባለሱቁ ከመስታወቱ ሥር አንዱን አውጥቶ በነጭ ጨርቅ ላይ አኖረልን። ከጣሪያው የተደረደሩት ነጫጭ አምፖሎች በቀጥታ ወርደውበታል። ይንቦገቦጋል። «ይሄ የዲያና ዓይነት ሳፋየር ነው፣ የኔ እህት» አላት። እሷም ወደ ጣቷ አስጠግታ ስታየው፣ እኔም ዋጋውን ልጠይቅ አፌን ስከፍት መብራት ጠፋ።

ባለሱቁ ጄኔሬተር ሊያስነሳ ወደ ጓዳ ሲገባ፣ እኛ ድንጋዩን ይዘን ወደ በሩ ተጠጋን። ዝናቡ ገና አባርቶ ሰማዩ እንደተደፈነ ነው። የቀን ብርሃን ግን አለ፤ የሰው ፊት ይታያል፣ የታክሲዎቹ ሰማያዊ ቀለም ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ድንጋዩ ብቻ ጠቁሯል። እያገላበጥነው በአንድ ጠርዙ ላይ ሽራፊ ሰማያዊ ብልጭ ይልና ይጠፋል። ባለሱቁ ተመልሶ መጥቶ «ጥቁር አይደለም፣ ጥልቅ ነው» አለን። ጄኔሬተሩ ተነሣ፣ አምፖሎቹ በሩ፣ ድንጋዩም መልሶ ሰማያዊ ሆነ። እጮኛዬ አመስግና መለሰችለት። «ሱቅህ ውስጥ አልኖርም እኮ» ብቻ ነው ያለችው።

የእንግሊዟ ልዕልት የዲያና ቀለበት ስም በየሱቁ ስለሚነሣ አንድ ነገር ልበል። የዚያ ቀለበት ፈርጥ የስሪላንካ ሰንፔር ነው፤ 12 ካራት፣ ዙሪያውን 14 አልማዞች የከበቡት። በ1981 እ.ኤ.አ. የእጮኝነቷ ቀለበት ሆነ፤ በ2010 እ.ኤ.አ. ደግሞ ልጇ ዊሊያም ለኬት አሰረላት። የስሪላንካ ሰንፔር የሚወደደው ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ሕያው ሰማያዊ ስለሆነ ነው። በመብራት ብቻ የሚነቃ ጥቁር ድንጋይ በዚያ ስም ሲሸጥ ያናድደኛል።

ጥቁረቱ የሚመጣው ከብረት ነው። ሰንፔር ሥሪቱ አሉሚኒየምና ኦክስጅን ነው፤ ንጹሑ ቀለም የለውም። ጥቂት ብረትና ጥቂት ታይታኒየም አብረው ሲገቡበት ሰማያዊ ይሆናል። ክሮምየም ገብቶበት ከቀላ ደግሞ ሩቢ እንለዋለን። ብረቱ እየበዛ ሲሄድ ሰማያዊው ይጨልማል፣ አረንጓዴና ቢጫም ይደባለቁበታል። እሳተ ገሞራ ከጥልቅ ምድር ገፍቶ ያወጣቸው ሰንፔሮች፣ የአውስትራሊያውም፣ የናይጄሪያውም፣ የእኛው የትግራዩም፣ እንዲህ ብረት የበዛባቸው ናቸው።

አዎ፣ የእኛ ሰንፔር አለን። ደላንታ ላይ ኦፓል፣ ሻኪሶ በኩል ኤመራልድ እንዳለን ብዙ ሰው ሰምቷል፤ ከአክሱም ሰሜን ምዕራብ፣ ጭላ አካባቢ ሰንፔር መውጣቱ ግን ያን ያህል አልተወራለትም። ዜናው ነጋዴዎች ጆሮ የደረሰው በ2009 ዓ.ም. ገደማ ነው። ብዙም ሳይቆይ በ2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት ተነሣና መንገዱ ተዘጋ። እጮኛዬ ይህን ስትሰማ ሐሳቧ ሁሉ ወደዚያው ዞረ፤ የሌላ አገር ድንጋይ ልታይ እንኳ አልፈለገችም።

የጭላ ድንጋይ አላቸው ወደተባሉ ሽማግሌ ነጋዴ ዘንድ የሄድነው በዚህ ምክንያት ነው። ሱቅ የላቸውም፤ ደረጃ የሚወጣበት አንድ ክፍል፣ በመስኮት በኩል ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር። ከደረት ኪሳቸው የታጠፈ ነጭ ወረቀት አውጥተው ዘረጉት። የተቆረጡ ድንጋዮች ናቸው፤ ከስንዴ ቅንጣት ብዙ የማይበልጡ አሉ፣ ጥቂት ደግሞ ጠና ያሉ። ሁሉም ሰማያዊ አይደሉም። አንዱ መሃሉ ቢጫ ሆኖ ጠርዙ ሰማያዊ ነው። አንዱ የወይራ ቅጠል የመሰለ አረንጓዴ ነው። አንዱን ፊቱን ስናየው ሰማያዊ ነበር፤ በጎኑ ሲያዞሩት አረንጓዴ ሆነ። «ጋሼ፣ ይሄ ነገር ሁለት ነው እንዴ?» አልኳቸው። «አንድ ነው ልጄ፤ መንገዱ ነው ሁለት» አሉኝ። ብርሃን በሰንፔር ውስጥ በሚያልፍበት አቅጣጫ ቀለሙ ይለያያል። ጎበዝ ድንጋይ ቆራጭ ጥሬውን ከመንካቱ በፊት ብዙ የሚያገላብጠው የተሻለውን ሰማያዊ ወደ ፊት ለማምጣት ነው፤ ለክብደት የሳሳ ቆራጭ ግን አረንጓዴውን ፊት አድርጎ ይሸጥልሃል።

እጮኛዬ ጠና ያለውን አንስታ በመሃል ጣቷና በቀለበት ጣቷ መካከል አስቀመጠችው፤ በቆዳዋ ላይ ምን እንደሚመስል ለማየት። በዚህ ጊዜ ስልኬ ጮኸ፣ እሷ ደነገጠች፣ ድንጋዩ ወደቀ። ወለሉ አሮጌ ጣውላ ነው፣ በየመካከሉ ክፍተት አለው። ሦስታችንም ተንበረከክን። ሽማግሌው «አትርገጡ፣ አትርገጡ» ይላሉ፤ እሷ ልታለቅስ ደርሳለች። የስልኬን ባትሪ አብርቼ በየክፍተቱ አስገባሁ፤ አቧራ፣ ቁልፍ፣ የድሮ ሳንቲም። በመጨረሻ የተገኘው በሽማግሌው ሱሪ እግር እጥፋት ውስጥ ነው። የስልኩ ብርሃን ከጎን ሲያርፍበት አረንጓዴ ብርሃን ወረወረ፤ በዚያ ነው ያየነው።

ሽማግሌው ግን አልተቆጡም። ላባቸውን ጠረግ አድርገው «ልጄ፣ ማታ ነው የምታደርጊው ወይስ ቀን?» ብለው ጠየቋት። መምህር ናት፤ ቀን ክፍል ውስጥ በመስኮት ብርሃን ትውላለች፣ ማታ ቤት ነች። ቤታችን ቢጫ አምፖል ነው ያለው። «እንግዲያው ማታውንም እንየው» አሉና ወረቀታቸውን አጥፈው ተነሡ። አብረን ማኪያቶ ልንጠጣ ወረድን።

የዚያ ካፌ ጥግ መብራቱ ቢጫና ደብዛዛ ነበር። ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አወጡልን። ላይ ቤት በመስኮቱ ብርሃን አንደኛ ያልነው ወደ ወይን ጠጅነት አድልቶ ግራጫ ሆነ። ሌላው መልኩን ጭራሽ አጠፋ። ከፍ ያለ ግምት ያልሰጠነው፣ ፈካ ያለው፣ ሰማያዊ ሆኖ ቀረ። እሱንም አላመኑትም፤ ጠረጴዛው ላይ የነበረ ጋዜጣ ስበው ድንጋዩን ከጽሑፉ በላይ ያዙት። መሃሉ ጎድሎ የተቆረጠ ቢሆን ፊደሎቹ በውስጡ ይነበቡ ነበር፤ ብርሃኑም ወደ ዓይን መመለሱ ቀርቶ በሥሩ ይፈስ ነበር። ፊደል አልታየንም፣ የተሰባበረ ሰማያዊ ብቻ። ከዚያ በማጉያ መነጽር እንድናየው ሰጡን። ውስጡ ቀጥ ያሉ የቀለም መስመሮች አሉት፤ ጠርዝ ሲደርሱ በማዕዘን ይታጠፋሉ። ኦገስት ቬርኑይ የተባለው ፈረንሳዊ ከ1902 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባስተዋወቀው የእሳት ዘዴ የሚሠራው ሰንፔር መስመሩ ጎባጣ ነው፤ ያም ሰንፔር ነው፣ ጥንካሬውም በማዕድናት የጥንካሬ ሚዛን ያው 9 ነው፣ ግን ከጭላ አፈር አልወጣም። እሳት ያልነካው መሆኑንም ነገሩን። አብዛኛው የገበያ ሰንፔር ቀለሙ እንዲጠራ በከፍተኛ ሙቀት የተጋገረ ነው፤ ይህ ነውር አይደለም፣ መደበቁ ነው ነውሩ።

1.42 ካራት ነበር። ተስማማን፤ ከሥሩ ክፍት በሆነ በቢጫ ወርቅ አሠራነው፤ ደረሰ፤ ለጣቷ ሰፋ።

ጉዱ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ያሠራንበት ሰው ለልቅሶ አገር ቤት ሄዶ ስለነበር እንዲያጠብቡልን ሌላ ቤት ሰጠነው። እነሱ ፈርጡን ሳያወልቁ፣ ለአልማዝ እንደሚያደርጉት ሁሉ፣ ቦሪክ አሲድ ቀብተው በየዱት። አልማዝን ከእሳት የሚጠብቀው ያ ቅባት ሲሞቅ የሰንፔርን ፊት ይበላል። ስንረከብ ሰማያዊው ከእንፋሎት ጀርባ ያለ ይመስል ነበር። ሲወለውሉት አይለቅም፣ በሳሙና ሲያጥቡት አይለቅም። «ቆሻሻ ነው፣ ይለቃል» አሉን። አልለቀቀም። እጮኛዬ ምሳዋን ሳትበላ ዋለች፤ እኔም ንዴቴን የት እንደማደርገው አጣሁ።

ወደ ሽማግሌው መለስነው። በጥፍራቸው ፊቱን ዳበስ አድርገው «ላይ ላዩን ነው፣ ልቡን አልነካውም» አሉን። ድንጋይ ቆራጭ ዘንድ ሄዶ፣ ከወርቁ ወጥቶ፣ በአልማዝ ዱቄት እንደገና ተወለወለ፤ አልማዝ ከሰንፔር ይጠነክራልና። 1.37 ካራት ሆኖ ተመለሰ። ከወርቁ ወጥቶ ያየነው ያኔ በመሆኑ አንድ ነገር አስተዋልን፤ በነጭ ወረቀት ላይ ቀዝቃዛ ሰማያዊ የነበረው ወርቁ ውስጥ ሲገባ ወደ አረንጓዴ ጥቂት ያደላል። ሠሪው «በነጭ ወርቅ ልለውጠው?» ብሎ ጠየቀ። እሷ እምቢ አለች። ያ ጥቂት አረንጓዴ የጭላ ነው፣ ይቆይ አለች። እኔም ደስ አለኝ፤ የእኛን ድንጋይ የሌላ አገር እንዲመስል ማስገደድ አልወድም። እነሆ ዛሬም ቀለበት ሊያጠብብ የሚሄድ ሰው ሳገኝ ፈርጡን ቀድመህ አስወልቅ ሳልለው አላልፍም።

ቀለበቱ በታሰረ ዕለት አክስቷ እጇን ይዘው ወደ በረንዳው ወሰዷት፣ አዩት፣ ወደ ሳሎን መልሰው በአምፖሉ ሥር አዩት። «ወርቁ ስንት ግራም ነው?» አሉ በመጨረሻ። ነገረቻቸው። ፎቶዎቹ ግን ለየቅል ወጡ፤ ስልክ የሰንፔርን ቀለም በየብርሃኑ እንደፈለገ ይስለዋል። በአንዱ ወይን ጠጅ ነው፣ በአንዱ ጥቁር። ማታ ቨርጂኒያ ያለችው እህቷ ደውላ «አሜቲስት ነው እንዴ ያደረገልሽ?» አለቻት። እጮኛዬ ካሜራውን ወደ አምፖሉ አዞረች፣ ወደ መስኮቱ አዞረች፣ ተወችው። «ለገና ስትመጪ ጣቴ ላይ ታይዋለሽ» አለቻት።