ዝናብ ሳይኖር

ዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 2004 የሜጀር ሊግ ቤዝቦል ቡድን አልነበራትም። ቢሮዎቿ ግን በንግግራቸው ጨዋታውን አላቋረጡም። በአብዮቱ ተሰዶ፣ በሼክስፒር የተገራ እንግሊዝኛውን ይዞ የደረሰው ወገናችን፣ አለቃው «የቦልፓርክ ግምት»፣ ማለትም ግርድፍ ግምት፣ ሲጠይቁት ስታዲየም ይፈልጋል። ባልደረባውን ቡና ቢጋብዝ «ሬይን ቼክ»፣ ማለትም ለሌላ ቀን ይሁንልኝ፣ ይባላል፤ ሽቅብ ቢያይ ጠራራ ፀሐይ። ነገሩ ዝናብ ላቋረጠው ግጥሚያ የሌላ ቀን መግቢያ እንዲሆን በ1880ዎቹ ይታደል የነበረ ትኬት ነው፤ ዛሬ ትኬቱም ዝናቡም ቀርቶ ይሉኝታው ብቻ ይታደላል። እኛ እንኳ እምቢታችንን በእግዜር እናሳብባለን እንጂ ደመና አንወነጅልም። «ቤዝ እንንካ» ያለህ ደግሞ ስልክ ሊደውልልህ ነው፤ ካልደወለም አትቀየመው። ቡድኑ በ2005 መጣ። ያን ጊዜ ሯጩ ቤዝ ሲነካ «ለማን ደወለ?» ያለ ተመልካች ቢኖር አልፈርድበትም።