ሐተታ ዘኢሞ

ኢሞ ስንል ዓረብ አገር ካሉ እህቶቻችን ጋር የምንደዋወልበትን አፕ ማለታችን እንዳልሆነ አስቀድመን እናስታውቃለን። ያኛውም ያስለቅሳል፤ ጥፋቱ ግን የኔትወርክ ነው። የዚህ ሐተታ ጉዳይ ጥቁር ለብሶ፣ ጸጉሩን ባንድ ዓይኑ ላይ አውርዶ፣ የገበያ ማዕከል ደረጃ ላይ ኩርምት ብሎ የሚቀመጠው የምዕራብ አገር ጎረምሳ ነው። ግኝታችንም አንድ ነው፦ ኢሞ አባላቱ በሙሉ “ኧረ እኔ የለሁበትም” የሚሉት ማኅበር ነው።

አንደኛ፤ ስለ ምንጩ

(ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ክህደቱ የጀመረው ከመሥራቾቹ ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ በዋሽንግተን ዲሲ፣ የእኛ ስደተኞች ታክሲ እየነዱ ኑሮን ሀ ብለው በሚጀምሩባት ከተማ፣ አንዳንድ የሀርድኮር ፐንክ ወጣቶች ድብድብ የማይለየው የሙዚቃ ድግስ ሰለቻቸው። ራይትስ ኦቭ ስፕሪንግና ኢምብሬስ የተባሉት ባንዶች ጩኸቱን ሳይቀንሱ ስለ ገዛ ልባቸው መጮህ ያዙ። የ1985 በጋም “የአብዮቱ በጋ” ተባለ። አንባቢ አብዮት ሲባል እንዳይደነግጥ፤ በዚህኛው የተለቀሰ እንጂ የተረሸነ የለም።

ሰዎች ሙዚቃውን “ኢሞኮር” ብለው ሲጠሩት የኢምብሬሱ ኢያን ማካይ መድረክ ላይ ቆሞ እንዲህ ያለ የጅል ስም ሰምቶ እንደማያውቅ ተናገረ። ማኅበሩ የተመሠረተው በዚያች ደቂቃ ነው ብንል አልተሳሳትንም።

ሁለተኛ፤ ስለ ጸጉሩና ስለ ልብሱ

በ2000ዎቹ ሙዚቃው ከምድር ቤት ወጥቶ አደባባይ ሲውል ጸጉር ተጨመረበት። ጸጉሩ ጥቁር ቀለም ይቀባል፣ በፒያስትራ ይተኮሳል፣ በስፕሬይ ይደርቃል፣ ከዚያም ወደ ጎን ይወርዳል። ስለምን አንዱን ዓይን ብቻ ጋረደ ቢሉ፦ በአንዱ ዓለምን ሊታዘብ፣ በሌላው ሊያለቅስ ነው። አንድም፦ ሁለቱን ቢጋርድ መንገድ መሻገር ስለማይሆንለት ነው። አንድም፦ ግንባሩ ላይ ብጉር ስላለ ነው። አንድም፦ ያኔ ማይስፔስ በተባለው ማኅበራዊ ድረ ገጽ ላይ የሚለጠፈው ፎቶ ካሜራው ከራስ በላይ ተይዞ ቁልቁል ስለሚነሳ፣ ከጸጉርና ከአንድ ዓይን ሌላ ምንም እንዳይታይ ነው። እኛ ወደ ሦስተኛው እናደላለን።

ሱሪው ስኪኒ ነው። ወንዱ ከሴቶች መደርደሪያ መርጦ ይገዛዋል፤ ለመልበስም አልጋ ላይ በጀርባው ይጋደማል። በብረት ጉጥ የተደረደረው ቀበቶ ሱሪው እንዳይወልቅ የታሰረ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል፤ ያ ሱሪ እንኳን ሊወልቅ ባለቤቱም ሊያወልቀው አልቻለም። ማንም የማይጋራውን ይህን የግል ብሶት ሆት ቶፒክ የተባለው የአሜሪካ ሱቅ በየገበያ ማዕከሉ በትንሽ፣ በመካከለኛና በትልቅ ቁጥር ይሸጣል።

ሦስተኛ፤ ስለ ክህደቱ

በ2006 ማይ ኬሚካል ሮማንስ “ዘ ብላክ ፓሬድ” የተሰኘውን አልበም ሲያወጣ ዓለም “ኢሞ ማለት እንግዲህ ይሄ ነው” አለ። ድምፃዊው ጄራርድ ዌይ ግን ስሙን አልቀበልም አለ። በ2008 የእንግሊዙ ዴይሊ ሜይል ጋዜጣ ነገሩን ልጆችን የሚያጠፋ ኑፋቄ አስመስሎ ሲጽፍ፣ የባንዱ አድናቂዎች ለንደን በሚገኘው የጋዜጣው ቢሮ ደጅ ተሰልፈው ተቃወሙ። ከመኝታ ክፍሉ በልመና የሚወጣ ወገን ሰልፍ መውጣቱ በራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ቃሉም ልብስና ሙዚቃ መሆኑ ቀርቶ ስድብ ሆነ፤ ምሳ ሰዓት ላይ ዝም ያለ ልጅ ሁሉ፣ ርቦትም ቢሆን፣ “ኢሞ ሆንክ” ይባል ጀመር። ስድቡ ግን በስድብነት አልቀረም። በዚያው በ2008፣ በወርኃ ማርች፣ ኬሬታሮ በተባለችው የሜክሲኮ ከተማ ብዙ ወጣቶች አደባባይ ላይ ተሰብስበው ኢሞዎችን ደበደቡ። አንዳንድ ፐንኮች ክሳቸው “አለባበሳችንን ሰረቁን” የሚል ነበር። ማኅበሩን የካዱት አባላቱ ብቻ እንደነበሩ ያን ቀን ታወቀ፤ ደብዳቢ መታወቂያ አይጠይቅም፣ ጸጉር አይቶ ይመታል።

ማጠቃለያ

ክህደቱ እስከ መቼ ይጸናል? መልሱ በኦክቶበር 2022 ላስ ቬጋስ ላይ ተገኘ። ማይ ኬሚካል ሮማንስና ፓራሞር ዋና ሆነው ወደተጠሩበት “ዌን ዊ ወር ያንግ” ፌስቲቫል ሠላሳን የተሻገሩ ሰዎች ኩላቸውን ተኩለው ጎረፉ። የመጀመሪያው ቀን በኃይለኛ ነፋስ ምክንያት ተሰረዘ፤ ከጸጉሩ አንጻር አስተዋይ ውሳኔ ነበር። እዚያ የታየው ሕዝብ በአሥራ ስድስት ዓመቱ ቢለምኑት ያላመነውን በሠላሳ አምስት ዓመቱ ትኬት ገዝቶ አመነ።

ስለዚህ ለወላጆች የምንመክረው ይህን ነው። ልጅዎ ጥቁር ለብሶ በሩን ቢዘጋ “ኢሞ ነህ ወይ?” ብለው አይድከሙ፤ “አይደለሁም” ይላል፣ እኛም አንድ ማስረጃ እናገኛለን። “አዎ፣ ነኝ” ያለዎት ቀን ደግሞ ሐሳብ አይግባዎት፤ የቤት ኪራይ መክፈል ጀምሯል ማለት ነው።