ጉድለት የማይጎድልበት ሰፈር

እንግሊዛዊው ደራሲ ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1759 ስለ አንድ የሐበሻ ልዑል ልብ ወለድ አሳተመ። አገራችንን በዓይኑ አይቶ አያውቅም፤ የሚያውቃት በወጣትነቱ ከተረጎመው የጀሮኒሞ ሎቦ የጉዞ መጽሐፍ ነው። ልብ ወለዱን የእናቱን የቀብር ወጪ ለመሸፈን በአንድ ሳምንት ምሽቶች ጻፈው ይባላል። ስለ ደስታ ለመጻፍ እንዲህ ያለ ሳምንት የሚመርጥ መቼም ደራሲ ብቻ ነው።

ልዑሉ ራሴላስ ይባላል። ተራራ ባጠረው ሸለቆ ውስጥ ይኖራል፤ ምግቡም ዘፈኑም ሳይጠራ ይመጣለታል። አንድ ቀን ታዲያ ፍየሎች ሲግጡ እያየ ይተክዛል። እነሱ ሲርባቸው ይበላሉ፣ ሲጠግቡ ይተኛሉ። እሱ ግን ጠግቦም አላረፈም። ምን ጎደለህ ሲሉት፣ ምንም አለመጉደሉ ነው የጨነቀኝ ባይ ነው፤ የምመኘው ነገር ስጡኝ ይላል።

ምነው ይህን ልጅ ለአንድ ወር እኛ ሰፈር ቤት በተከራዩለት!

እኛ ዘንድ ውሃ በፈረቃ ነው። ፈረቃው ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው፤ ማክሰኞ የተባለው ሐሙስ ይመጣል፣ ሐሙስ የተባለው ይቀራል። ሲመጣም ሌሊት ነው። ቧንቧው መጀመሪያ ያስነጥሳል፣ አየር ይተፋል፣ ጠላ የመሰለ ውሃ ያንጠባጥባል። ከዚያ ከግቢው አንድ ጥግ «መጣች!» የሚል ድምፅ ይሰማል። አከራያችን እትዬ ነጠላቸውን አገልድመው ይወጣሉ። ጄሪካኑ፣ ባልዲው፣ የሕፃን መታጠቢያው ሳፋ ሁሉ ይሰለፋል። በፍሳሽ ጉዳይ ተጣልተው ከፋሲካ ወዲህ የተኳረፉ ሁለት ሴቶች ጎማውን እየተቀባበሉ፣ «ያንቺ ሞልቷል፣ ያን ባልዲ አቀብይኝ» ይባባላሉ። ጠዋት ኩርፊያቸው ይቀጥላል፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። በዚያ ሰዓት ግን በግቢው ውስጥ ያልሳቀ ሰው አላየሁም። ማንም ደግሞ «ደስ አለኝ» አይልም፤ ጊዜ የለማ።

ነገሩ የኛ ብቻ አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በ1978 የታተመ አንድ የአሜሪካኖች ጥናት የኢሊኖይ ሎተሪ የወጣላቸውን 22 ሰዎች ጠይቆ ነበር። ሎተሪ ካልደረሳቸው ጎረቤቶቻቸው ብዙም የበለጠ ደስተኞች ሆነው አልተገኙም። ይባስ ብሎ ቁርስ መብላት፣ ከወዳጅ ጋር ማውራት የመሳሰለው ተራ ነገር ከሌላው ሰው ያነሰ ነበር ደስ የሚላቸው። ሃያ ሁለት ሰው ጥቂት ነው፣ አውቃለሁ። እኔም ሎተሪ መቁረጤን አላቆምኩም።

እኛ ግቢ ሎተሪ የወጣለት የለም፤ ሮቶ ያስተከለ ግን አለ። ጎረቤቴ ትልቁን ጥቁር ሮቶ ከነፓምፑ ያስገባ ሰሞን ደስታው ለብቻው ነበር፤ ጥዋትና ማታ ሻወር ይገባና ፀጉሩን ሳያደርቅ ግቢውን ይዞራል። ሰንበት ሲል ወሬው ተለወጠ። የሮቶው ማቆሚያ ዘሟል፣ ፓምፑ ይጮኻል፣ መብራት ይበላል። ዞሮ ዞሮ እኛ በሌሊት ስንንጫጫ በመስኮት ብቅ ማለት ጀመረ። ባለፈው ደግሞ ባልዲ ይዞ መጥቶ ከኋላዬ ተሰለፈ።

«አንተ ደግሞ ምን አጣህ?» አልኩት።

«ለአትክልቱ ነው» አለኝ።

አትክልት የለውም። በር ላይ አንዲት የደረቀች ጤና አዳም አለችው፤ እሷም የአከራያችን ናት። እትዬ ሰምተው እንዳልሰሙ ሆኑና፣ «ና ልጄ፣ ሰልፉን ሳታበላሽ ባልዲህን አስጠጋ» አሉት።